ተራ

ታምፔሬ፣ ኅዳር፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎን
ምድር ቤት ወረድን፣ አራት ሰው ሆነን።
ታውኖ የሚባል ጡረተኛ ቀያሽ
ይህን ጦርነት ሠራ ከወረቀት ብጣሽ።

መጀመሪያ ሰሞን ደንቡ አንድ ገጽ ነበር፤
ዳዶ ትጥላለህ፣ ትገፋለህ ጠጠር፣
ወይ ትገድላለህ፣ ወይ ትሞታለህ፣
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቤትህ ትገባለህ።

ሲርካ፣ ትራም ነጂዋ፣ «ዝናብ ቢጥል» አለች፣ «መድፉ አይሰምጥም ወይ?»
እውነቷን ነው። ታውኖ ቀና አለ ወደ ላይ፣
ወደ ጣሪያው ቧንቧ፣ ሰማይ እንዳለ ሁሉ፤
በሳምንቱ መጣ የጭቃ ደንብ፣ አራት ገጽ ሙሉ።

ጭቃ ጫማ ወለደ፣ ጫማ የቆሰለ እግር፣
እግር ድካም ወለደ፣ ድካም ሌላ ነገር፤
ለፈረሱ ገብስ፣ ለገብሱ ጋሪ፣
ለጋሪው ነጂ፣ ለነጂው ተቆጣጣሪ።
ሠንጠረዥ ሊጫወት የመጣው ሰው ሁላ
ሠንጠረዥ ሲያነብ አመሸ፣ ሠንጠረዥ ሲያሰላ።

አንድ ማታ መልካውን ጠብቅ ተባልኩ እኔ፤
አንዲት ሻለቃ ናት ያለችኝ ከጎኔ።
ኡርሆ ሊሻገር ነው፤ ልቤ ድው ድው ይላል፤
ታውኖ ግን «ቆዩ» ብሎ ገጽ ይገልጣል፦
የውሃው ጥልቀት፣ የባሩዱ እርጥበት፣
አንቀጽ ስልሳ ሁለት...
አምስት ሰዓት። አምስት ተኩል።
ማጠቢያው በጎን ዞረ፣ ጨመቀ፣ ቆመ፤
የሰው ልብስ ደረቀ፣ ልቤም አገገመ።

ያኔ ገባኝ፦ ዝናቡ ልክ ነበር፣ ጭቃውም፤
ውሸቱ እኔ ነበርኩ፤ መፍራት አልቻልኩም።
እኩለ ሌሊት ሆነ፣ ማንም ሳይተኩስ፤
ተራው ወታደሬ ተራው ሳይደርስ።

ሲርካ ብድግ ብላ ደንቡን ቀዳደደች፣
ከገዛ ጭቃዋ፣ ከራሷ ጀመረች።
ታውኖ መነጽሩን ጠርጎ «እሺ» አለ፣ «እሺ» አለ፤
አንዷን ገጽ ግን ከእጇ ነጠቀ፤
«ይቺን አልሰጥም» ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ፦

«ትእዛዝ ከተላከ በኋላ ዳዶ ይጣላል፤
አንድ ከወጣ፣ መልእክተኛው መንገድ ይቀራል።»

ለምን ብለን አልጠየቅነውም።
ስለ አባቱ አንዴ፣ ደረጃው ላይ፣ ነግሮኛል፤
«አፈግፍጉ» የሚለው ቃል ሳይደርሰው ቀርቷል።

አሁን ደንቡ ሁለት ገጽ ነው። ትናንት ማታ
ዳዶው ተንከባሎ የካርታውን ጠርዝ ሲመታ
አንድ ወጣ።
ኡርሆ ውሃ ገብቷል። ሻለቃዬ መልካው ላይ ቆማለች፤
«አፈግፍጊ» ብያት፣ ገና አልሰማች።