አየር ምን ያወጣል

እሑድ ዊኒፔግ ላይ፣ በረዶው ደጅ ዘግቷል፤
በኦስታፕ ፋብሪካ፣ ማሽኑ ሁሉ ተኝቷል።
ኮምፕሬሰሩ ብቻ፣ ማንም ሰው ሳይልከው
ሌሊቱን ሲተነፍስ፣ ቆጣሪው ቆጠረው።

«አየር ነው» ይለኛል፤ «አየር ምን ያወጣል?»
በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ እረጫለሁ፤
አረፋው ያብጣል።

ፉጨቱ ለእኔ ነው። እሱ አይሰማውም፤
ሠላሳ ዓመት መጋዝ ጆሮውን በልቶታል።
ተንበርክኮ ጉንጩን ከቧንቧው አስጠጋ፤
ቀዝቃዛ ትንፋሽ ዳበሰው።
ዝም አለ። ከዚያ፦
«ለሮዛሊንዳ የነፈግኳት የደሞዝ ጭማሪ
በዚህ ነው የሚወጣ?»

አሥራ አንድ ጎሚኒ ቀይረን፣
ሲመሽ፣ ኮምፕሬሰሩ እፎይ ሲል
ጆሮው አልነገረው።
እግሩ ነው ያወቀ፤
ከጫማው ሥር ወለሉ
መንቀጥቀጡን ትቶ ተኛ።