አሥራ አራት ቆብ

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጥቁሩ አሸዋ ሳይግል፣
ከኋላችን ተራራው ደመናውን ገና ሲያወልቅ፣ ከፊት የታስማን ባሕር ሲንከባለል፣
አሥራ አራት ቆብ እቆጥራለሁ።
አሥራ አራት ቢጫና ቀይ ቆብ፣ ካገጭ ሥር የታሰረ፣
አንዱ ከታላቅ ወንድም የወረደ፣ ጫፉ የተተረተረ።

ማን ጠራሽ? ማንም አልጠራኝ።
ልጄን ላደርስ መጥቼ፣ አንዲት ሴት "ይቺን ያዢልኝ" ብላ ፊሽካ ሰጠችኝ።
ይኸው ዘጠኝ በጋ ሆነው።
ልጄ ጢም አብቅሎ ከተማ ገባ፤ እኔ ግን ያችን ሴት
እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ደመወዝ የለውም። ያለው አሸዋ ነው፦
በመኪናዬ ወንበር፣ በምሳ ዕቃዬ፣ በጆሮዬ፣
ማክሰኞ ዕለት አውቶቡሴ ላይ ትኬት ስቆርጥ፣
ከጥፍሬ ሥር፣ ከኪስ ቦርሳዬ።

"ባሕሩን አንፈራም" ብዬ አላስተምርም። እንፈራዋለን።
የሚፈራ ሰው ፊት እንደሚጠና፣ ፊቱን እናጠናለን።
ነጩ አረፋ፣ ያ ጯኺው፣ ጉረኛ ነው፤ ያንከባልልሃል፣
ጨው አጉርሶ፣ ቁምጣህን በአሸዋ ሞልቶ፣ ለእናትህ ይመልስሃል።
ክፉው ያኛው ነው። ለስላሳው፣ በሁለት ማዕበል መሀል የተኛው፣
ልጅ ሁሉ "እዚህ ጋ ይሻላል" ብሎ የሚመኘው፣
እያሳሳቀ የሚወስደው።
ከወሰደህ አትታገለው።
ተንሳፈፍ። እጅህን አንሣ። ጠብቅ።
"እኔ አይሃለሁ" እላለሁ።
ይህን ስል ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ድርቅ።

ማራማ ግን አትገባም።
ስምንት ዓመቷ ነው፤ አታለቅስም፣ አታመካኝም።
ውሃው ከሚደርስበት አንድ ክንድ ርቃ፣ በተረከዟ መስመር ታሰምራለች፣
ሌሎቹ ሰሌዳቸው ላይ ተደፍተው ሲንጫጩ፣ እጇን አጣምራ ታያለች።
አባቷ ራዊሪ፣ ከቋሊማው ምድጃ አጠገብ ሽንኩርት እያገላበጠ፣
"ገፋ አድርጊያት እንጂ!" ይለኛል፣ ዓይኑን እያፈጠጠ።
አልገፋም። እኔ ሹፌር ነኝ፤ በሩን ነው የምከፍተው፣
መሳፈር የመንገደኛው ነው።

ስድስት እሑድ አለፈ። ያ መስመር ግን፣ አባቷ ያላየው፣
በየሳምንቱ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ወደ ውሃው ነበር የሚሄደው።

በሰባተኛው እሑድ፣ ንፋሱ ከደቡብ ዞሮ፣
ባሕሩ ሌሊቱን አሸዋውን እንደ አልጋ ልብስ ሲያራግፍ አድሮ፣
አሥራ ሦስቱ ተሰልፈው፣ ሰሌዳቸውን ታቅፈው፣
ፊሽካዬን ወደ አፌ ሳስጠጋው፣
አንድ ቀዝቃዛ ጣት ክንዴን ነካ።

"ግሌኒስ፣ እዚያ ጋ ዛሬ አይጮኽም።"
"የቱ ጋ?"
"ከባንዲራው በስተግራ። ባለፈው እሑድ ይጮኽ ነበር።
አሁን ይስቃል።"

አየሁት። ጠቆር ያለ፣ ልሙጥ፣ እንደ ታጠበ የክፍል ሰሌዳ፤
አንዲት የወፍ ላባ በላዩ፣ ያለ ጭንቀት፣ ወደ ጥልቁ ስትነዳ።

ፊሽካው ሳይነፋ አፌ ላይ ቀረ።
አሥራ ሦስት ቆብ ወደ ኋላ ተመለሰ፤
ባንዲራው ተነቅሎ መቶ እርምጃ ተሻገረ።

ያን ቀን ማራማ ዋኘች ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር።
አልዋኘችም። እስከ ጉልበቷ ብቻ፣ ያውም ቆማ፣
ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ዓይኗ ባሕር ባሕር።
ደግሞም "እስከዚህ ብቻ" ብላ እጇን ለትንንሾቹ ዘረጋች፣
እንደ ትራፊክ ፖሊስ፣ በአንድ ጉንጯ ያባቷን ቋሊማ እያላመጠች።

ስንበተን ከጎኔ ቆማ፣ በጣቷ፣ ቀስ ብላ ቆጠረች።
"አሥራ አምስት" አለች።
"ተሳስተሻል፣ ማራማ። አሥራ አራት ነው፣ ዝርዝሩን እይው።"
"አንቺንስ ማነው የሚቆጥረው?"

መልስ አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አራገፍኩ፤
አሸዋው አላለቀም። ተውኩ።