ካላየሁ እጮሃለሁ

ደንገል ውሃ ጠጥቶ፣ ከውሃ ላይ አድጎ፣
የደረቀ ዕለት ግን እሳት ይጠራል ፈልጎ።
ታጭዶ የተከመረው ለሃያ ታንኳ ገላ፣
አምና በጥር ሌሊት፣ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ሰባ እርምጃ ሳይሞላ፣
ነደደ።
ያባ እንድሪስ ድካም፣ ያመት ሙሉ ማጭድ፣
አመድ ሆኖ ዋኘ በገዛ ውሃው ላይ፣ መቅዘፊያ ሳይለምድ።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ሙት ቴፕ አስነሣለሁ በቆርቆሮ ዛኒጋባ።
ራዲያ መጣች፣ ልጃቸው፤ ካውያዬ እንደጋለ፣
«ጢስ የሚያሸት ዕቃ፣ ካንተ ዘንድ ካለ…»
«ማሽተቱን አልችልም» አልኋት፣ «ዓይን እሠራለሁ፤
ጢስ ሲመጣ የሚታወር፣ እሱን አውቃለሁ።»

ቧንቧ ቆረጥሁ፣ አንድ ስንዝር ካራት ጣት፣
ውስጡን ጥላሸት ቀባሁት፣ እንዳይደፍረው የቀን መብራት፤
በጎኑ ጠማማ ቀዳዳ፣ ጢስ ብቻ የሚያልፍበት።
ካንዱ ጫፍ ኤልኢዲ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣
ሌት ተቀን ወደ ማዶ የምታበራ።
ከማዶ፣ ከተጣለ የመንገድ መብራት የፈታኋት ዓይን፤
ብርሃን ሲነካት በሯን የምትከፍት፣
ሲጨልምባት የምትዘጋ።

ጨረጨራን አይተሃል? የግድቡ መዝጊያ ክፍት ሲሆን
ውሃው ወደ ዓባይ ይሾልካል፣ ማንም ሳይሰማው ድምፁን፤
መዝጊያው ሲወርድ ግን ወደ ኋላ ይቆማል፣
ጣት በጣት ሽቅብ ያድጋል፣ የድንጋዩን ጫፍ ይስማል።
እዚህም እንደዚያው ነው፤ ከዘጠኝ ቮልት ባትሪ የሚወርደው ጅረት
ዓይኗ ክፍት ሳለ ይፈሳል ወደ መሬት።
ጢስ ገብቶ ብርሃኑ ሲደበዝዝ፣
ዓይን በሯን ስትገፋ፣ ኮረንቲው መሄጃ ሲያጣ፣
ሽቅብ ይላል፣ ሽቅብ፤ ከግማሽ ቮልት ጥቂት ሲያልፍ፣
እንደ ጉልቻ በሦስት እግሯ የቆመችው ትራንዚስተር
ከእንቅልፏ ትባንናለች፤
ጡሩምባዋን ትነፋለች።

አባ እንድሪስ አላመኑም። ጋያቸውን ስበው
እፍ አሉ በቀዳዳው።
ጮኸች። ሳቁ፣ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው።

ኅዳር ከነጭጋጉ መጣ።
አንድ ሌሊት ጮኸች፤ መንደሩ ባልዲውን ይዞ ወጣ፣
ገሚሱ ጫማ ሳያደርግ።
ጢስ የለም። ፍም የለም። ቧንቧውን ስከፍት
ሸረሪት አድርታለች፣ ድሯን በብርሃኑ ፊት።
«ውሸታም ናት፣ ሐይቅ ውስጥ ጣሏት!» አለ ጎረቤት።
አባ እንድሪስ ግን፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣
«እሳት አለ መቼ አለች? አላየሁም አለች እንጂ፤
ስንቱ ነው ዓይኑ ተጋርዶ አየሁ የሚል ፈራጂ?»

ዛሬም ከክምሩ አናት ተሰቅላ ትውላለች፤
ራዲያ በይብራ ላባ ዓርብ ዓርብ ትጠርጋታለች።
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤
ባትሪዋ ያለቀ ለታም ዝም ነው የምትለው።
የደኅናና የሙት ዝምታ ለጆሮ አንድ ነው፤
የሚለያቸውን ሽቦ እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ ማታ ማታ፣ ፋኖሱ ሳይጠፋ፣
ራዲያ አንድ የደንገል ልጥ በቀዳዳው ትሰዳለች፣
ብርሃኑን ለአፍታ ትጋርዳለች።
አንዴ ትጮሃለች።
ቤቱ ይተኛል።