ደርሶ መልስ

ማራኞን ወንዝ ዳር፣ ኔትወርክ ፍለጋ፣
ኤርሜሊንዳ ወጣች ታንከሩ አናት ላይ፣ ከትንኝ ልትዋጋ።
ትምህርቱ በነጻ ነው፤ ክፍያው መሰላል፤
ስንጥቅ ስልኳ ላይ «ምዕራፍ ሰባት፣ የወላድ ጤና» ይላል።

«እናት ሞተች። ምክንያቱ?
ሀ. ደም መፍሰስ
ለ. የደም ግፊት
ሐ. ኢንፌክሽን»

ኔሊዳን አየቻት፤ ታንኳው ወለል ላይ አንሶላው ሲርስ፣
ሞተሩ መሃል ወንዝ ያለውን ጠጥቶ ሲጨርስ፤
ቤንዚኑ ለመድረስ አልበቃ፣ እንኳን ለደርሶ መልስ።

«መ»ን ፈለገች። የለም።
«ሀ»ን ነካች።
«ትክክል! አሥር ነጥብ!» አለ ስልኩ፣ አረንጓዴ በርቶ።
አሥሩን ለማን ትስጥ?

ሲነጋ በየደጁ ዞረች፤
ከዚህ ቤት ኩባያ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር ቤንዚን ለምና፣
ቢጫ ጀሪካን ሞላች፤
ጎኑ ላይ በከሰል
«መ» ብላ ጻፈች።