የጨው ሒሳብ

ሐምሌ ነው በቫስኮ፤ ሞንሱን ጣሪያውን ሲወግር ያድራል፣
ጧት የቀባሁት ግራጫ እስከ ማታ ጣት ያጣብቃል።
ኤስፔራንሳ ከጓዳ፣ «እንደ ባለቤቱ ነው፣ ሥራ ፈት» ትላለች፤
ትበል። እሷም ዓሣዋን ማድረቅ አቅቷት ከርማለች።

እጄ ላይ ያለው ፕላስቲክ ከስንዝሬ ጥቂት ይበልጣል፤
አንድ አርባ ስምንተኛ ነው፣ ቢሆንም ክንፉን ያጥፋል።
የባሕር ጭልፊት ነበር ስሙ፣ ጅራቱ ሥር ባለ መንጠቆ፣
ስድስት ዓመት ሆዱ ሥር ኖርሁ፣ ጀርባዬ ከመርከቡ ወለል ተጣብቆ።

ዙልማ፣ የልጄ ልጅ፣ አገጯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ሰቅላ
ወረንጦዬን፣ ስፖንጄን፣ የጨው ዕቃውን በዓይኗ ለቅማ፣
«አያቴ፣ አዲሱን ዕቃ ለምን ታስረጀዋለህ?» አለች።

እስቲ ልንገርሽ።
መጀመሪያ ብርማውን ትቀቢዋለሽ፤ ቆዳው ሲላጥ የሚታየው ሥጋው ነው።
ከላይ የእናትሽ የፀጉር ስፕሬይ (እንዳትነግሪያት) በስሱ ነው።
እርጥብ ሳለ ጨው ትነሰንሻለሽ፣ ይኼንኑ የወጥ ጨው፣
ጫማ በሚረግጠው በክንፉ ሥር፣ መፍቻ በሚፍቀው በክዳኑ ዳር ያለው።
በላዩ ግራጫው። ሲደርቅ፣ ሰማይ ከፈቀደ፣
በለብታ ውሃ ታራግፊዋለሽ፤ ጨው በተነሳበት ብርማው ወጣ፣ ቀለሙ ሄደ።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ።
በዚያች መርከብ ላይ ጨው ነበር ጠላታችን፣
ከየትኛውም ባንዲራ በፊት ጦርነት ያወጀብን።
ማታ ማታ በቱቦ፣ በንጹሕ ውሃ፣ እሱን እናጥባለን፤
እኛ በባሕር ውሃ ተለቃልቀን፣ ቆዳችን እየኮመጠጠን እንተኛለን።
አለቃዬ ሳልዳንያ፣ «ጨው እንቅልፍ የለውም» ይል ነበር፣
«አንተ ስታንኮራፋ እሱ ብሎን ሲቆረጥም ነው የሚያድር።»
ስንት በርሜል ውሃ አፈሰስሁ፣ ስንት ሌሊት አጎነበስሁ፤
ያን ሁሉ ያጠብሁትን ጨው ዛሬ በወረንጦ ፍሬ በፍሬ መለስሁ።

ዝገት ግን አልቀባም። ጎረምሶቹ ቡናማ እያለበሱ ያበላሹታል፤
አሉሚኒየም አይዝግም፣ ልጄ፤ ነጭ ዱቄት ያልበዋል።
ዘይትም በበረራ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ቆሞ ሲያድር ወደ ታች ይወርዳል፤
ሁለቱን መንገድ ያላወቀ እድፍ፣ እድፍ ሳይሆን ውሸት ይሆናል።

ዙልማ ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች፦
«ይቺን ረስተሃታል።»
ከኮክፒቱ ሥር፣ በግራ፣ ጥፍር የማታህል ክዳን
ጨው ሳይነካት፣ ልሙጥ፣ ግራጫ ሆና ቀርታለች።

አልረሳኋትም።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር የለወጥኋት፣ የቀባኋት።
ሌተናንት ፖናፓ ሲሳፈር ጓንቱ ነካው፤
«ሙሽራው ገና አልደረቀም» ብሎ ሳቀ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው።
ከዚያ የመርከቧ ወንጭፍ እንፋሎት አነሰው፤
ጭልፊቴ ከወለሉ ጫፍ፣ ደረጃ እንደሳተ ሰው፣
ወረደ።

ፖናፓ ተረፈ። ሄሊኮፕተሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ አንጠልጥሎ አወጣው፤
እስከ ዛሬ በየዓመቱ ከኩርግ ብርቱካን ይልካል፣ ዕድሜ ይስጠው።
ያን ማታ ሩም ተቀዳ፣ ተዘፈነ፣ እኔም ጠጣሁ፤
ሰው ከተረፈ ለብረት ድንኳን አይጣልም፤ ይኼን መች አጣሁ።
ብቻ ሌሊት ቱቦውን ይዤ ወጣሁ፣ እንደ ልማዴ፣
ባዶ ቦታው ላይ ቆምሁ፣ ውሃው እየፈሰሰ በጫማዬ።

ክንፉን፣ ሆዱን፣ ጅራቱን አስረጃለሁ፤ የስድስት ዓመት ዕዳ አለባቸው።
የዚያች ክዳን ዕድሜ ግን ሦስት ሰዓት ነው።
ሦስት ሰዓት በቀለም ምን ይመስላል? አላውቅበትም።
የቀረውን፣ እዚያ ታች፣ ጨው ራሱ ጨርሶታል፤ ወረንጦ አላስፈለገውም።

«ደርቃለች?» አለች ዙልማ፤ ሳልመልስላት ነካቻት።
ጣቷን አየችው። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።
ኤስፔራንሳ ከጓዳ ጮኸች፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ሥራ ፈቱ።
አሻራዋን ላጠፋ ብሩሽ አነሳሁ፤
በውሃ አጥቤ መልሼ አስቀመጥሁት።