ያልተቀባው ግድግዳ

«ቆጥረህ ተረከበኝ» አለች ኤተልካ፣ ቁልፉን ዘርግታ፤
መቶ አሥራ ሰባት፤ ከሁሉ አንዷ ብቻ በር አጥታ
ሠላሳ ስምንት ዓመት በኪሷ ስትንኳኳ ኖረች።
«ይቺስ?» ብላት፣ «ትቆይ» አለች።

ስትመጣ ወጣት ነበረች፤ አንድ ሻንጣ፣ ቀጭን ጫማ፣
ዕውቀቷ ስለ ጣሪያ ሥዕል፣ አመጣጧ ከከተማ።
ያኔ ይህ ከቲሳ ወንዝ ማዶ ያለ ቤተ መንግሥት
የማኅበሩ ጎተራ ነው፤ የጭፈራው አዳራሽ ስንዴ ሞልቶት፣
የመስፍኑ መኝታ ቤት የትራክተር ዘይት ሸቶ፣
ከጣሪያ የተሣለው መልአክ ግማሽ ፊቱ በሻጋታ ጠፍቶ።

«ዳይሬክተር ነሽ» ተብላ ተሾመች፤ ሠራዊቷ ቢቆጠር
እኔ ዘበኛው፣ አንድ ያረጀ ውሻ፣ አሥራ አራት ባልዲ ነበር።
ሌሊት ዝናብ ሲጥል ከክፍል ክፍል ስንሯሯጥ
ስለ ባሮክ ታስተምረኛለች፣ ባልዲ ተሸክማ፣ ሳትቀመጥ፦
«ይህን የእንጨት ቅጠል እየው፣ ጠራቢው ቸኩሏል፤
ክፍያው ዘግይቶበት ይሆናል።»
እኔም የራሴን ደመወዝ አስቤ
ቅጠሉን ወደድኩት ከልቤ።

ለቡዳፔስት የጻፈችው ደብዳቤ ቢመዘን
ከስንዴው ይከብዳል፤ መልሱ ግን
ሁልጊዜ አንድ መስመር፦ «በጀት ሲፈቀድ።»
መጽሐፍ ልትጽፍ ነበር፤ ርዕሱን ጽፋለች፤ ሌላው ዕድሜዋ
ከነቀዝና ከቧንቧ ጋር ሲታገል፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ።

የመንደሩ ሰው ይሸሻታል። በጦርነቱ ማግስት
ከዚህ ቤት ያልወሰደ ማን አለ? ወንበር ቢሉት፣ መስታወት፤
አንዱ ባለወርቅ በር የአሳማ በረት ዘግቶ ኖሯል።
እሷ «ሌባ» አላለችም። «ያኔ ብርድ ነበር» ትላለች፣ «ማን ይፈርዳል?»
ከበሩ ሥር ሰፊ ቅርጫት አስቀምጣ፣ መብራት አጥፍታ፣
«አንተ ደግሞ» አለችኝ፣ «ተኛ ዛሬ ማታ።»
ዘበኛ ተኛ የተባለበት ሌላ ቤት ካለ ንገሩኝ!
አንድ ዓይኔን ከፍቼ ተኛሁ። ያየሁትን ግን አትጠይቁኝ።
ጧት ቅርጫቱ ውስጥ የነሐስ እጀታ፣ የሰዓት ቆጣሪ፣
የወንበር እግር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጽዋ ስባሪ።

ላይኛዋ ሰማያዊ ክፍል ግን ሌላ ጉድ አለባት።
ጎተራ ከመሆኑ በፊት፣ ቤቱ ወላጅ አልባ ልጆች ባሳደገበት ወራት
ቁመታቸው የተለካበት የእርሳስ መስመር፣
በየመስመሩ ስም።
ተቆጣጣሪው «ይቀባ» ይላል፣ «ሐር ይለጠፍበት፣ እንደ ነበር።»
እሷ መነጽሯን አውልቃ፦ «እስቲ ጌታዬ ንገረኝ፣
ሰው ታሪክ የሚሆነው ስንት ሴንቲሜትር ሲደርስ ነው?»
ዝም አለ። ግድግዳውም ቀረ እንደሆነው።

ኋላ አንድ የጥቅምት ቀን፣ ቲቦልድ የሚባል ሽማግሌ ከጎብኚዎች ተነጥሎ
ጎንበስ አለ፣ ከአንዲት ዝቅተኛ መስመር ላይ ጣቱን ጥሎ።
«እኔ ነኝ» አለ። አላለቀሰም። «አንድ ሜትር ከአሥራ አንድ።»
ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቀጥ አለ እንደ ግንድ።
ያቺ፣ የሰው ትንፋሽ እንኳ ግድግዳ እንዳይነካ የምትቆጣ፣
እርሳስ ከፀጉሯ አውጥታ
ለካችው።

ትናንት ኬኩ ከተበላ፣ ንግግሩ ካበቃ፣
ወደዚያች ክፍል ወጣች፣ ጫማዋን አውልቃ።
ነገ አዲሱ ሹም፣ ስም የሌለው አዲስ መስመር አይቶ
ማን ጫረው ቢለኝ፣ ምን አውቃለሁ? እላለሁ፣ እርሳሱ ከኪሴ ገብቶ፤
ተኝቼ ነበር።