የታችኛው መደርደሪያ

ቅዳሜ ነው ጧቱ፤ ሙቀት ሳያገረሽ
«እማዬ፣» አልናት፣ «ያ ቁም ሣጥን ይፈተሽ።»
እሷ በረንዳው ላይ፣ ሽርጧን አሸርጣ፣
እንደ ፖሊስ ሹም በወንበር ተቀምጣ፣
«አቦ ተዉኝ!» አለች፣ «የነካው ሰው ይውጣ!»

«ቁም!» ያሉት ሣጥን ነው፤ ትእዛዝ ነበር ለካ፤
ቆሟል አርባ ዓመት፣ ከቦታው ሳይነካ፤
ባቡሩ ሲቆም፣ አባታችን ሲያልፍ፣
እሱ ዘብ እንዳለ፣ ለአንድ ቀን ሳያርፍ።

ሦስት ክምር ሠራን፤ ምንጣፉ ላይ፣ ሳሎን፤
«የሚሰጥ»፣ «የሚጣል»፣ «የሚቀር» ብለን።
«የሚቀር» ትንሽ ነው፤ ፋናዬ ናት ዳኛ፤
እኔ ጠበቃ ነኝ፣ እማዬ ምርኮኛ።

ወጣ፣
ከታይዋን የመጣ አንሶላ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ
(ለእንግዳ ነበር፤ እንግዳው በየትኛው መንገድ
እንደቀረ እንጃ)፤
ስምንት የፔርሙስ ክዳን፤ ፔርሙሱ ግን የለም፤
«ይሰበራል ፔርሙስ፤ ክዳን አይሰበርም።»
ቁልፍ ሙሉ ጣሳ፤ የሸሚዝም፣ የበር፤
ሸሚዙም የለ፤ በሩም ድሮ ተሰብሮ ነበር።
ሰባት የከፊራ ዘንቢል፣ አንዱ አንዱን የዋጠ፣
በትንሹ ዘንቢል ሆድ ፌስታል ተቀመጠ፤
በፌስታሉ ፌስታል።
አንድ ስናወጣ ሁለት ታስገባለች፤
ዓይናችን ዞር ሲል ክዳን ትሰርቃለች።

የአባቴ ኮት ወጣ፣ የምድር ባቡሩ፤
ኪሱ ውስጥ ቲኬት፣ ተበስቶ ዳር ዳሩ፤
ወዴት እንደነበር፣ ቀለሙ ለቅቋል፤
ዳኛዋ አጠፈችው፤ ፍርዱ ተቀጥሯል።

ቁራሌው በደጅ ሲጮኽ፣ ኢፍቱ ከጎረቤት
ጆንያ ይዛ መጣች፣ ልትረዳን በጉልበት።

ከዚያ ከላይኛው፣ ብርድ በሌለበት ከተማ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣
አንዲት ጫማ ወጣች፤ የልጅ፤ የግራ እግር፤
በስፌቱ መሐል የደረቀ አሸዋ።
«ይቺስ ትጣል፣» አልኩኝ፣ «የት አለች አቻዋ?»

እማዬ ተነሣች።
ወንበሩ ወደቀ።
«የሰው ናት፣» አለችኝ። ሳቃችን ደረቀ።
«ያን ሌሊት፣ ደቻቱ በራችንን ጥሶ
የኛን ይዞ ወጣ፤ የሰው ሰጠን መልሶ።
ይቺ ጫማ መጣች፤ ይሄ የሣጥን ቁልፍ፤
ይሄ ፎቶ፣ ፊቱ የታጠበ በጎርፍ፤
ባለቤቱ ቢመጣ ‹ጣልኩት› ነው የምለው?
አደራ ነው እኮ፤ አደራን ማን ይጥለው?»

ኢፍቱ ጫማዋን ወሰደች፤ አገላበጠቻት፤
ምንም ሳትል መልሳ በእጄ ላይ አኖረቻት።
አወቀቻት ይሆን? አልጠየቅናት።

ሲመሽ ቁም ሣጥኑ ሙሽራ መሰለ፤
ነጠላው ታጠፈ፣ ቀሚሱ ተሰቀለ፤
አንድ መደርደሪያ ግን፣ የመጨረሻይቱ፣
ባዶዋን ነበረች፣ ከድሮ ከጥንቱ፤
«እንዴት ያለ ብክነት!» አለችና ፋናዬ
አንሶላውን ሁሉ ደረደረች፣ ለእማዬ።

ሌሊት ኮሽታ ሰማሁ። ዝናብም አልጣለም፤
ከደንገጎ ማዶ ብልጭታ ነው እንጂ ነጎድጓድም የለም።
እማዬ በጉልበቷ፣ የአባቴን ኮት ለብሳ፣
አንሶላውን ታወጣለች፣ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ።
«ታችኛው፣» አለችኝ፣ ባትሪውን ከአፏ አውጥታ፣
«የደቻቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይፈልጋል ቦታ።»

ልስቅ ነበር።
ተንበረከክኩኝ።
እሷ እያቀበለች፣ እኔ ላይ ሰቀልኩኝ፤
ከሁሉም በኋላ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣
ጫማዋን አኖርኳት፤ አፍንጫዋን ወደ በር።